ገጻችንን ጎግል መዝግቦታል? የ«ሳይት» ፍለጋ ወይስ ሰርች ኮንሶል

ደብረ ብርሃን የመንዝ ባና የሚሸጥ ወዳጄ ድረ ገጽ ከፈተ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ «ጎግል ላይ ብፈልገው የለም» ብሎ ደወለልኝ። ገጹ ኢንዴክስ መደረጉን፣ ማለትም ጎግል መዝገብ ውስጥ መግባቱን፣ ለማጣራት ሁለት መንገድ አለ።

አንዱ ቀላል ነው። መፈለጊያው ላይ «ሳይት» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል (site) ጻፉ፤ ሁለት ነጥብ (:) አስከትሉ፤ ከዚያ ክፍተት ሳትተዉ የገጹን አድራሻ። አካውንት አይጠይቅም። ቢንግ ላይም ይሠራል፤ የሰው ገጽም ታዩበታላችሁ። ገጹ ከወጣ ተመዝግቧል። ካልወጣ ግን የለም ብላችሁ አትደምድሙ። ይህ ፍለጋ የተመዘገበውን ሁሉ ላያሳይ እንደሚችል ጎግል ራሱ ይናገራል።

ለራሳችሁ ገጽ እኔ የማምነው ሰርች ኮንሶል የተባለውን የጎግል መሣሪያ ነው። ነጻ ነው፤ የገጹ ባለቤት መሆናችሁን ግን ማረጋገጥ ግድ ነው። አድራሻውን ከላይ ባለው ሳጥን ስታስገቡ መመዝገቡን፣ ጎግል መጨረሻ የጎበኘው መቼ እንደሆነ፣ ካልተመዘገበም ምክንያቱን ይነግራችኋል። የወዳጄ ችግር የተገኘው እዚህ ነው። ገጹ ሲሠራ የገባ «ኖኢንዴክስ» (ገጹን አትመዝግብ) የሚል ትእዛዝ ሳይነሳ ቀርቶ ነበር። ምስኪን፣ ስንት ቀን ተጨነቀ!

ትእዛዙን አጠፋን። መሣሪያው ግን አሁንም ችግሩ እንዳለ ነበር የሚያሳየን። መጀመሪያ የሚያወጣው ጎግል ድሮ ያየውን እንጂ የአሁኑን ገጽ አይደለም። የአሁኑን ለማየት የቀጥታ ፍተሻውን መጫን ያስፈልጋል። እሱ ሲያልፍልን ምዝገባ ጠየቅን። ውጤቱ ከቀናት እስከ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ደጋግሞ መጠየቅም አያፋጥነውም።