ዋሊያስ ባንድ በአንድ ሸክላ፦ የ«ቼ በለው» ዳግም ኅትመት

የዋሊያስ ባንድ «ቼ በለው» የተሰኘው የመሣሪያ ሙዚቃ ሸክላ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1977 በካይፋ ሪከርድስ ሲሆን፣ ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለው አሳታሚ በ2014 ዳግም እስኪያወጣው ድረስ የመጀመሪያውን ቅጂ ማግኘት ለብዙ አድማጭ የማይታሰብ ነበር። እኔም ከዚያ በፊት ሥራውን የማውቀው ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ድምፁ በደከመ፣ ሽፋኑ ላይም የአንድ ተጫዋች ስም እንኳ ባልተጻፈበት ቅጂ ነው። ስለዚህ ይህን ግምገማ የምጽፈው ስለ ድምፁ ብቻ ሳይሆን፣ ድምፁን ያወጡት ሰዎች እንዴት ተሰባስበው እንዴት እንደተበተኑም ጭምር ነው፤ ሸክላውን ያለ ባንዱ ታሪክ የሰማ ሰው ግማሹን እንደሰማ እቆጥረዋለሁ።

ባንዱ የተጠነሰሰው በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በአዲስ አበባ ቬነስ የምሽት ክበብ ይጫወቱ ከነበሩ ሙዚቀኞች ነው። በዚያን ዘመን ኦርጋኑም፣ ድራሙም፣ ማጉያውም የክበቡ ባለቤት ንብረት ስለነበሩ፣ ምን እንደሚጫወት ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚጫወትም የሚወስነው እሱ ነበር፤ ባለቤቱ ያልወደደው ሳክስ ተጫዋች ሄዶ በማግስቱ ሌላ ሲተካ፣ ባንዱ ስሙ እንጂ ሰዉ የማይጸና ይሆናል። የዋሊያስ ልጆች ይህን ያሸነፉት ከገቢያቸው እየቆጠቡ የራሳቸውን መሣሪያ በመግዛት ነው። መሣሪያውን ይዘው ወደ ሂልተን ሆቴል ሲዛወሩ እንደ ባንድ ተዋውለው የሚሠሩ ሰዎች ሆኑ። በእኔ እምነት ከዘመኑ የመድረክ ዜናዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ በሸክላው ላይ የሚሰማው መግባባት ለዓመታት አብረው ከሌሊት እስከ ንጋት የተጫወቱ ሰዎች ካልሆኑ የሚመጣ አይደለም።

(በነገራችን ላይ፣ በራስ ሆቴል ይጫወት የነበረው ተፎካካሪያቸው አይቤክስ ባንድም በእንግሊዝኛ የተጠራው በዚያው በዋልያ ስም ነው። እሱም ኋላ ላይ በጆቫኒ ሪኮና በሰላም ሥዩም ዙሪያ ሮሃ ባንድ ሆኖ ቀጥሏል፤ የከተማው ባንዶች ታሪክ ስም ሲለወጥና ሰው ሲቀያየር የሚነበብ ታሪክ ነው።)

በ«ቼ በለው» ላይ ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን፣ ግርማ በየነ ፒያኖ፣ ማህሙድ አማን ጊታር፣ መላከ ገብሬ ባስ፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስ፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ ተማረ ሃረጉ ድራም ይጫወታሉ፤ በእንግድነት ደግሞ ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎናቸውን ይዘው ተቀላቅለዋል። በዓለም ላይ እጅግ የታወቀው ቁራጭ «ሙዚቃዊ ስልት» ነው፤ እኔ ግን አድማጭ አንድ ጊዜ የትንፋሽ መሣሪያዎቹን ዜማ ትቶ ባሱን ብቻ ተከትሎ እንዲሰማው እለምናለሁ። የመላከ ጣት አንዷን አጭር ሐረግ አጥብቆ ይዞ ሲመላለስባት፣ ሳክሱና ትራምፔቱ ከላይ አብረው ሲነሡና አብረው ሲያርፉ፣ ኦርጋኑ በመሐል ክፍተት ባገኘ ቁጥር ብቻ ገብቶ ሲወጣ ይሰማል። ማንም ማንንም አይጋፋም። በደከመው ካሴቴ ላይ ባሱና የድራሙ እግር አንድ ጉርምርምታ ሆነው ነበር የሚሰሙኝ፤ በዳግም ኅትመቱ ግን ሁለቱ ተለይተው፣ እያንዳንዱ በቦታው ቆሞ ሰማኋቸው፤ ለዚህ ብቻ ገንዘቤን አላዘንኩበትም።

ሥራው ድምፃዊ አልባ የመሆኑም ነገር ከዘመኑ ጋር የተያያዘ ነው። በደርግ ጊዜ የዘፈን ግጥም ሳንሱር ያልፍ ስለነበር፣ ቃል የሌለው ሙዚቃ መተንፈሻ ይሰጥ ነበር። ሰዓት እላፊ በታወጀባቸው ዓመታት ደግሞ አምሽቶ ወደ ሂልተን የገባ ታዳሚ እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል፣ ባንዱም ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ነበረበት። ይህን ያወቀ ሰው ኦርጋኑ ለምን እንዲህ እንደማይቸኩል ይገባዋል።

ጉድለት የለበትም አልልም። አንዳንዶቹ ቁራጮች ገና መሞቅ ሲጀምሩ ያልቃሉ፤ መሐል ላይ ያሉት ሁለት ሦስቱም በፍጥነታቸው እጅግ ስለሚቀራረቡ፣ በትኩረት ካልተሰሙ አንዱ ከሌላው ጋር ይደባለቃል። የዘፋኝ ድምፅ የሚናፍቅ ሰውም ይህ ሸክላ አይሞላለትም።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1981፣ ባንዱ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ከጉዞው በኋላ ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላከ በዚያው ሲቀሩ፣ ቀሪዎቹ ወደ አገር ቤት ተመለሱ፤ በ«ቼ በለው» የምንሰማው ስብስብም በዚያው አበቃ። ኃይሉ፣ ሞገስና መላከ ዙላ ባንድን መሥርተው በዋሽንግተን ቢቀጥሉም፣ ኃይሉ ኋላ ላይ ለብዙ ዓመታት የታክሲ ሹፌር ሆነው ኖረዋል፤ ኪቦርዳቸውን በመኪናው ሻንጣ ውስጥ ይዘው፣ በአየር ማረፊያ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ግርማ በየነ ለረጅም ጊዜ ከሙዚቃው ርቀው ከቆዩ በኋላ፣ በ2017 ከፈረንሳዩ አካለ ውቤ ባንድ ጋር አልበም አውጥተዋል። የሞገስንና የመላከን ስም የሚያነሣ ግን እምብዛም የለም፤ ይህ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የባሱ መሠረት ባይኖር ኦርጋኑ የሚያርፍበት አይኖረውም ነበር።

ለሚገዛ ሰው የምመክረው መጀመሪያ ይህን ሸክላ፣ ቀጥሎ ኃይሉ መርጊያ በ1978 ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠሩትን «ወደ ሐረር ጉዞ» እንዲያገኝ ነው፤ እሱም በ2016 ዳግም ታትሟል። ዳህላኮች በግዮን ሆቴል የሚጫወቱ ባንድ ነበሩና፣ ያው የኦርጋን እጅ ሌሎች ሰዎች መሐል ሲቀመጥ ምን ያህል እንደሚለወጥ ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይለየዋል።