ማሃቦዲ ወይስ ባጋን?

ጥንታዊ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ማየት ለሚፈልግ ሰው የሕንዱ ማሃቦዲ ቤተ መቅደስና ብዙ ቤተ መቅደሶች ያሉበት የምያንማሩ ባጋን ምርጫውን ያከብዱበታል። ሁለቱም የጡብ ሥራ ናቸው።

ዕድሜ፦ ማሃቦዲ ይቀድማል። ንጉሥ አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን መቅደስ ባሠራበት ቦታ ላይ ቆሟል፤ የዛሬው ሕንፃ ግን ከልደት በኋላ የ5ኛው ወይም የ6ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የባጋኖቹ አብዛኞቹ ከ11ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ናቸው።

አሠራር፦ የማሃቦዲ ውበት በውጭ ነው፤ 55 ሜትር ገደማ የሚመዘዝ ማማ፣ በአራቱ ማዕዘን ትናንሽ ማማዎች። ባጋን ግን ውስጥ መግባት ይጠይቃል፦ በጡብ ቅስት የተሸፈኑ መተላለፊያዎች፣ ድንግዝግዝ ብርሃን። ዳማያንጂ በተባለው የባጋን ቤተ መቅደስ ጡቦቹ በጣም ከመጠጋጋታቸው የተነሳ፣ መርፌ ያስገባ ክፍተት የተወ ግንበኛ ይቀጣ ነበር የሚል አፈ ታሪክ አለ። ይገርማል፣ ባጋን ውስጥ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የማሃቦዲ አምሳያም አለ።

ጉዳት፦ ባጋንን እ.ኤ.አ. የ1975 እና የ2016 የመሬት መንቀጥቀጦች ጎድተውታል። ማሃቦዲ በ1880ዎቹ በእጅጉ ስለታደሰ፣ የምናየው ሁሉ ጥንታዊ ነው ማለት ይከብዳል።

ጉዞ፦ ማሃቦዲ አንድ ቀን ይበቃዋል። ባጋን ከ2,000 በላይ ሕንፃዎች ስላሉት ቀናት ይፈልጋል፤ ከ2021 ወዲህ ያለው የምያንማር ጦርነትም አለ።

ቡድሃ ብርሃን ያገኘበትን ስፍራ ለሚሻ ማሃቦዲ ይስማማዋል። የግንባታ ጥበብ ለሚማርከው፣ ሰላሙ ሲመለስ፣ እኔ ባጋንን እመርጥለታለሁ።