ለእግረኛ ድልድይ የትኛው ኤክስፓንሽን ጆይንት ይሻላል? ላሜራ፣ ጎማ ወይስ ሲሊኮን

የእግረኛ ድልድይ የሚያሠራ ሰው ስለ ብረቱ ውፍረትና ስለ ቀለሙ አጥብቆ ይከራከራል፤ ኤክስፓንሽን ጆይንቱን፣ ማለትም ድልድዩ በሙቀት ሲረዝምና በብርድ ሲያጥር እንዲንቀሳቀስ ጫፉ ላይ የሚተወውን ክፍተትና መሸፈኛውን ግን ኮንትራክተሩ ያመጣለትን ይቀበላል። የዊልቸር ጎማ የሚያዘው፣ የዓይነ ስውሩ በትር የሚሰነቀረው ግን እዚያች ክፍተት ላይ ነው።

አስቀድሞ እንቅስቃሴው ይሰላ። ብረት ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር በየሜትሩ 0.012 ሚሊሜትር ይረዝማል። 40 ሜትር የሆነ የብረት ድልድይ ሌሊት እስከ 5 ዲግሪ ቀዝቅዞ ቀትር ላይ ፀሐይ 45 ብታደርሰው 19 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፤ አንዱ ጫፍ ከታሰረ ይህ ሁሉ የሚወጣው በሌላው ጫፍ ነው። የአሜሪካ የ2010 የተደራሽነት መስፈርት በመሄጃ ወለል ላይ የሚፈቅደው ክፍተት 13 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ክፍቱን የተተወ ጆይንት ቢረክስም ለእንዲህ ያለ ድልድይ አይሆንም።

ተንሸራታች ላሜራ አንዱ ጎኑ በቦልት ታስሮ ሌላው ጎኑ ይንሸራተታል። ትልቅ እንቅስቃሴ ይችላል፣ ክፍተቱን ይሸፍናል፣ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ያለበት ከተማ ሁሉ ይሠራዋል። ችግሩ ጠርዙ ነው። ወለሉ ላይ እንዲሁ የተጋደመ 10 ሚሊሜትር ላሜራ የዊልቸሩን ትንንሽ የፊት ጎማዎች ያስቆማል። ያው መስፈርት ቀጥ ያለ ጠርዝ ከ6.4 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ያዛል፤ ከዚያ በላይ እስከ 13 ያለው በ1 ለ2 ተዳፋት መሞረድ አለበት። እኔ ግን ለላሜራው ቦታ ተበጅቶለት ከወለሉ እኩል እንዲተኛ አጥብቄ እመክራለሁ። ገጹ ሻካራ ካልሆነ ክረምት ላይ ሰው ይጥላል። ከሥሩ ጎማ ካልተነጠፈ ሲረገጥ ይንኳኳል። ቦልቱ በተራ መፍቻ የሚፈታ ከሆነ ደግሞ ላሜራው ሌሊት ተወስዶ ጠዋት እግረኛውን ባዶ ክፍተት ይጠብቀዋል።

ተጨምቆ የሚገባ የኒዮፕሪን ጎማ ድምፅ የለውም፣ ውሃ አያሳልፍም፣ የሚያደናቅፍ ጠርዝም የለውም። ሆኖም ምንጊዜም እንደተጨመቀ መቆየት አለበት። ቀትር ላይ፣ ክፍተቱ ጠብቦ ሳለ ተለክቶ የተገዛ ጎማ፣ ሌሊት ክፍተቱ ሲሰፋ ላልቶ ይወድቃል። ሻጩን የጎማውን ትንሹንና ትልቁን የሥራ ስፋት ጠይቁት፤ ትልቁ ከማለዳው ብርድ ክፍተት መብለጥ አለበት።

ፈሶ የሚደርቅ ሲሊኮን ለአጭር የኮንክሪት ድልድይ ጥሩ ነው። ጥራት ያለው ዓይነት ከተሞላበት ስፋት እጥፍ ይለጠጣል፣ እስከ ግማሹም ይጨመቃል፤ 20 ሚሊሜትር ላይ የተሞላ ከ10 እስከ 40 ይሠራል ማለት ነው። የተጎዳውን ቦታ ብቻ ቆርጦ መልሶ መሙላት ይቻላል። ጎንና ጎኑ ካልጸዳና ካልደረቀ ግን አይይዝም።

የአስፋልት ሙሌት ጥልቀትና ስፋት ስለሚፈልግ ለስስ የብረት ወለል አይሆንም። እንደ ማበጠሪያ የተጠላለፈውን የብረት ጆይንት ለመኪና ድልድይ ተዉት፤ በጥርሶቹ መሐል ያለው ክፍተት በሰው አካሄድ አቅጣጫ ስለሚዘረጋ ጎማና በትር ይውጣል።

እስከ 20 ሜትር ላለው፣ ኮንክሪት ከሆነ ሲሊኮን፣ ብረት ከሆነ ጎማ እመርጣለሁ። ከ30 ሜትር ካለፈ ከወለሉ እኩል የተቀመጠ ላሜራ ይሁን። ርክክቡ ማለዳ፣ ብረቱ ሳይሞቅ ይደረግ፤ ዊልቸር ተጠቃሚና በነጭ በትር የሚሄድ ሰው ተጋብዘው፣ ሁለቱም ተሻግረውበት ካረጋገጡ በኋላ ይፈረም።