ጀልባዬን ለመኪና ፋይበር ሠሪ ሰጠኋት

ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ሐይቁ ላይ ያለችኝን አሮጌ ሞተር ጀልባ የምታውቁ ታውቋታላችሁ። ፋይበር ናት፣ አምስት ሰው ትይዛለች፣ ዕድሜዋ ከትዳሬ ይበልጣል። ባለፈው በጋ ኮምቦልቻ ወስጄ አሠራኋት። «የት አሠራሃት?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ልጻፈውና ልገላገል። የቤቱን ስም አልጠራም፣ የምወቅሰውም አለኝና። የፈለገ በውስጥ ይጠይቀኝ።

ሰውዬው ጀልባ ሠሪ አይደለም። ሥራው የአይሱዙና የሚኒባስ መከላከያ መጠገን ነው። ደሴ ላይም የሚሞክርልኝ ሰው ነበር፣ ግን የደሴ ብርድ ለሬዚን፣ ማለትም ፋይበሩን አጣብቆ ለሚያደርቀው ፈሳሽ፣ አይሆንም። ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ሬዚን ለመድረቅ ይለግማል። ኮምቦልቻ ሞቅ ይላል። ስለዚህ አይሱዙ ላይ ጭነን የሐረጎን ቁልቁለት ወረድን። ያን ጠመዝማዛ ጀልባ ጭኖ መውረድ ለጠላትም አይስጥ። መንገደኛው ደግሞ «ባሕሩ ወዴት ነው?» እያለ ይስቅብናል።

ሆዷን ድንጋይ ገጭቷት ተሰንጥቃለች። ከሥሯ ደግሞ ሽንብራ የሚያካክሉ እብጠቶች አውጥታለች። አንዱን በቢላ ስንወጋው ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ውሃ ፈሰሰ። ይኼ ማለት ውሃው ቀለሙን አልፎ ፋይበሩ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ሰውዬው አየት አደረገና «አብሽር ጋሼ፣ ስቱኮ አልብሰን ነገ ትወስዳታለህ» አለኝ። እዚህ ላይ ነው የተጣላነው። የመኪና ስቱኮ፣ ያ ከቀለም በፊት ጎድጓዳ የሚሞላበት ልስን፣ ውሃ ይጠጣል። መንገድ ላይ ችግር የለውም፣ ውሃ ውስጥ ውሎ የሚያድር ነገር ላይ ግን ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ ይነሳል። አረፋ አረፋው በሙሉ ተከፍቶ፣ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ሳምንታት መድረቅ አለበት። እሱ ቦታ ያዘችብኝ ብሎ አጉረመረመ፣ እኔ የቦታ ኪራይ ጨመርኩለት፣ ታረቅን።

ከዚያ በኋላ ግን እጁን ልመስክርለት። ስንጥቁን በፍሌክስ (በመፍጫው ማሽን) ሲፍቀው ዳር ዳሩን አሳስቶ፣ ሰፋ አድርጎ ነው። ደንቡ የፋይበሩን ውፍረት 12 እጥፍ ያህል ወደ ጎን ማሳሳት ነው፤ የእኔዋ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ስለሆነች በየጎኑ 7 ሴንቲ ገደማ ተፋቀ። ከዚያ ሬዚን የጠጣ የፋይበር ንጣፍ በንጣፍ ላይ እየደረበ፣ በሮለር አየሩን እየጨመቀ አስወጣ። አሁን በሳንቲም ስታንኳኩት አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚሰጠው። አሮጌ ጀልባ የምትገዙ ሁሉ ይቺን የሳንቲም ነገር ያዙ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ የታፈነ ድብ የሚል ከሆነ ውስጡ ተላቋል ወይም ርሷል።

የእኔዋ ድብ ያለችው ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ላይ ነው። ብሎኑን ሲፈታው ጥቁር ውሃ ወረደ። ውስጥ ያለው ኮምፔንሳቶ በስብሶ እንደ እርጥብ ዳቦ በጣት ይቆረሳል። በዚያ ሞተር አስሬ ልጆቼን ይዤ እስጢፋኖስ ገዳም ፊት ለፊት ስንፈላሰስ እንደነበር ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል። ሙሉውን አውጥቶ በአዲስ ተካው። የእያንዳንዱን ብሎን ቀዳዳም በሬዚን ደፍኖ እንደገና በሳው፣ ይኼን እኔ ሳልነግረው ነው ያደረገው።

ትልቁ ጥፋቱ ሬዚኑን የሚያደርቀውን ማጠንከሪያ በዓይኑ መገመቱ ነው። ሲበዛ ሬዚኑ ይግላል። ለ1 ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ነው የሚገባው። እሱ ከጠርሙሱ ዝም ብሎ ያንቆረቁራል። አንድ ቀን ቡና ተጠርተን በረካው ሳይደርስ ጣሳው መጨስ ጀመረ! ልጁ አንስቶ ወደ ውጭ ወረወረው። በማግስቱ ከመድኃኒት ቤት ሲሪንጅ ገዝቼ ሰጠሁት፣ አሁን ለመኪናውም በሱ ይለካል አሉ። ማስክ ግን አያደርግም፣ ሠራተኞቹም አያደርጉም። ፋይበር ሲፋቅ አጠገባቸው አትቁሙ።

ሞተሩን አደራ፣ እነሱ ወደሚጠቁሟችሁ ጎረቤት መካኒክ እንዳትወስዱ። ባለ 25 ፈረስ ጉልበት ቱ ስትሮክ ናት። ካንዴላው እየጠቆረ ይጠፋል፣ መካኒኩ ደግሞ ሦስቴ ካንዴላ ቀየረብኝ። ነገሩ ካንዴላው አልነበረም። ሐይቅ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ካርቡሬተሩ ግን ለባሕር ወለል እንደተስተካከለ ነው የመጣው። ስለዚህ ቤንዚን ይበዛበታል። እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ይጠፋል፣ ይኼን ማንም አይመልሰውም። ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችውን ጄት፣ ማለትም ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሽ ቀዳዳ፣ በጠበብ ያለች ስንቀይራት ግን መጥቆሩ ቀረ። ስትነሱ ከሞተሩ ጎን የምትወጣውን ቀጭን ውሃም እዩ፣ ከወትሮው ከደከመች ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የውሃ ፓምፕ ጎማ አልቋል።

ዋጋ? ከእጁ የሬዚኑ በለጠ። ነገ ያለኝን በሰባት ሳምንት አስረከበኝ፣ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው መድረቂያዋ ስለሆነ አልፈርድበትም። ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለቀለሙ ነው። ጀልባዋ በፀሐይ ብዛት ቢጫ ሆናለች፣ እሱ ደግሞ ጥገናውን የአይሱዙ ነጭ ቀባው። ዓሣ አስጋሪዎቹ «ፕላስተሯ መጣች» ይሉኛል።