ፒር ወይስ የይለፍ ቃል? ፖስትግሬስ አላስገባም ሲል

ኡቡንቱ ላይ ፖስትግሬስ የተባለውን የዳታቤዝ ፕሮግራም ጭነው «ፒር ኦተንቲኬሽን ፌይልድ» ካለዎት የይለፍ ቃሉን አልተሳሳቱም። ጭራሽ አልጠየቀዎትም። ቱሉ ዲምቱ ላለ የግንባታ ዕቃ መደብር ሰርቨር የሚያቆም ሰው እዚህ ጋ ሁለት ምርጫ አለው።

ፒር፦ የሊኑክስ ተጠቃሚ ስምዎ ከዳታቤዙ ተጠቃሚ ስም ጋር ከገጠመ ያስገባል። የሚረሳ ቃል የለም። የሌሊት ባክአፕ ያለ ጣጣ ይሠራል። ግን እዚያው ማሽን ላይ ብቻ ነው።

የይለፍ ቃል (ስክራም በሚባለው የማረጋገጫ ዘዴ)፦ ከካሸሯ ኮምፒውተርም ከመጋዘኑም በኔትወርክ ያስገባል። ጣጣው ግን ብዙ ነው። ከድሮ ሰርቨር በኤምዲ5 (በቆየው የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ዘዴ) ተቀምጦ የመጣ የይለፍ ቃል ትክክል ቢሆንም ስክራም አይቀበለውም፤ እንደ አዲስ መሞላት አለበት። ፕሮግራሙን ከዳታቤዙ የሚያገናኘው የቆየ ድራይቨርም ስክራምን ላያውቀው ይችላል። ብዙ ሰውን የሚያለፋው ደግሞ ቅደም ተከተሉ ነው። ማን ከየት በምን ዘዴ እንደሚገባ በሚዘረዝረው የፒጂ ኤችቢኤ ፋይል ውስጥ መጀመሪያ የገጠመው መስመር ይወስናል፤ እሱ ከከለከለ ቀጣዩ አይታይም። ካስተካከሉ በኋላ ፖስትግሬስን ሪሎድ ማድረግ አይርሱ። በዚያ ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ የካሸሯን አይፒ ሊቀይረውና መስመሩ ላይገጥም ይችላል፤ ቋሚ አይፒ ይስጧት።

«ትረስት» (ያለ ምንም ማረጋገጫ አስገባ) ብለው የሚገላገሉ አሉ። እሱ በር ከፍቶ መተኛት ነው።

ፕሮግራሙም ዳታቤዙም አንድ ማሽን ላይ ከሆኑ ፒር ይበቃል። ሁለተኛ ኮምፒውተር ከመጣ ስክራም ግድ ነው። እኔ ብሆን ለዋናው ተጠቃሚ ፒርን እንዳለ ትቼ፣ ለሽያጭ ፕሮግራሙ ብቻ ስክራም አደርግለታለሁ።