ባለሰንሰር መብራት ለመንግሥት ቢሮ፦ ግዙት፣ ግን የት እንደምትሰቅሉት እወቁ

ደብረ ብርሃን እኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት የኮሪደሩን፣ የመጸዳጃ ቤቱንና የመዝገብ ቤቱን መብራት ሰው ሲያልፍ ራሱ ወደሚበራ ባለሰንሰር ኤልኢዲ ቀይሯል። ከሌላ ቢሮ የመጡ ሰዎች “እንዴት ነው ነገሩ?” እያሉ ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን ልጻፈው።

ዕቃው አሪፍ ነው። በተለይ ለኮሪደር። ድሮ የኮሪደሩ ማብሪያ ያለው ግምጃ ቤት ውስጥ ስለነበር ንብረት ክፍሉ ቆልፎ ከወጣ መብራቱ ቅዳሜና እሁድን እንደበራ ይከርማል። የድሮው ፍሎረሰንት 36 ዋት ነው፣ ባላስቱ (መብራቱን የሚያስነሳውና ኃይሉን የሚመጥንለት ዕቃ) የሚበላው ሳይቆጠር። የተተካው ኤልኢዲ 18 ዋት ነው። ሰንሰሩ ባይኖር እንኳ ፍጆታው ከግማሽ በታች ወርዷል ማለት ነው።

ሰንሰሩ የሰው ገላ ሙቀት ሲንቀሳቀስ አይቶ ያበራል። ጎኑ ላይ ሁለት ትንንሽ ማስተካከያዎች አሉት። አንደኛው ሰው ካለፈ በኋላ መብራቱ ምን ያህል እንደሚቆይ ይወስናል፣ ሌላኛው ምን ያህል ሲጨልም ሥራ እንደሚጀምር። ብዙ ኤሌክትሪሽያን ሰቅሎት ይሄዳል እንጂ እነዚህን አይነካም። የኛም እንደዚያ ስለተተወ በጠራራ ፀሐይ ሰው ባለፈ ቁጥር ይበራ ነበር፤ የጥገናው ልጅ መሰላል አቁሞ ሁለተኛዋን ማስተካከያ በትንሽዬ ካቻቢቴ ዞር ሲያደርጋት ግን ተስተካከለ። ስትረከቡ ይህን ሳታዩ እንዳትፈርሙ።

ሠራተኛ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ግን አትስቀሉት። ፋይል ላይ ያቀረቀረ ሰው ስለማይንቀሳቀስ ይጠፋበታል። ሒሳብ ክፍል ሞክረውት ነበር፤ እዚያ ያሉት እትዬ “ኧረ ልጄ፣ ይሄ ነገር ዓይኔን ሊያጠፋው ነው” ብለው አስነሱት። እውነታቸውን ነው። ለዚያ ክፍል ተራ ኤልኢዲና ቅርብ የሆነ ማብሪያ ይበቃል።

ሌላው የኛ አገር ጉዳይ ብርዱ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር አልፋ ስለምትገኝ ኅዳር ላይ ጠዋት እጅ ብዕር አይዝም፤ ሰውም ሂተር ከቤቱ ይዞ ይመጣል። አንድ ባለ 2,000 ዋት ሂተር ከ100 በላይ ባለ 18 ዋት መብራት የሚበላውን ይበላል። ስለዚህ መብራት ቀይሮ በሩ ሥር ያለውን ክፍተት፣ የተሰበረውን መስታወት ዝም ማለት ድካም ነው። እኛ ጋ ጠዋት ፀሐይ የሚገባባቸው ክፍሎች ዕቃ ማስቀመጫ ሆነው ሰው የሚሠራው በጥላው በኩል ነው! ይህን ማቀያየር ሳንቲም አያስወጣም።

ግዢው ላይ በጣም የማዝነው “ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል” ስለሚባለው ነገር ነው። ርካሹ ኤልኢዲ አምፖሉ ደህና ሆኖ ሳለ ውስጡ ያለችው ኤሌክትሮኒክስ ኃይል ከፍ ዝቅ ሲል ትቃጠላለች። ጨረታው ላይ የጽሑፍ ዋስትና፣ የቮልቴጅ መዋዠቅ መቋቋሙ፣ ሰንሰሩም ከመብራቱ የተለየ መሆኑ ይጠየቅ። የተለየ ከሆነ አንዱ ሲበላሽ ሁለቱንም አትጥሉም።

ደግሞ የሚቆጥብ ቢሮ ምን ያገኛል? የመብራት ሒሳብ ከሥራ ማስኬጃ በጀት ይከፈላል፣ የተረፈው ብር ሰኔ 30 ሲደርስ ተመላሽ ይሆናል። እንዲህ ሆኖ የትኛው ኃላፊ ነው አዲስ ቴክኖሎጂ ለመሞከር የሚነሳሳው? ከተቆጠበው ላይ ግማሹ እንኳ ለቢሮው ቢተውለት በሚቀጥለው ዓመት ቀሪዎቹን ክፍሎች ይቀይርበታል። ግቢ ተጋርተው በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ቢሮዎችም የየራሳቸው ቆጣሪ ይግባላቸው፤ ማን ስንት እንደሚበላ ሳይታወቅ ማንን ታመሰግናለህ?

መሐል ሜዳ፣ ሞላሌና ዓለም ከተማ ያላችሁ፣ ስትገዙ ትርፍ ሰንሰር አብራችሁ ያዙ። አንዱ ሲበላሽ ዕቃው ከደብረ ብርሃን ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ኮሪደሩ ይጨልማል።