ጓሳ ላይ ብር ቢገኝ፦ ለእንግዳ ማረፊያ ወይስ ለጥበቃ?

ሰሜን ሸዋ ያለው የመንዝ ጓሳ ጥብቅ ቦታ ደርሶ የመጣ ሰው ሁሉ ስለ ብርዱና ስለ ጭላዳ ዝንጀሮው ያወራል። ከዚያ ክርክሩ ይመጣል። ትንሽ ብር ቢገኝ የቱ ይቅደም?

ወጪ፦ ማረፊያ ውድ ነው። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ሲሚንቶውም ቆርቆሮውም ሽቅብ ተጭኖ ነው የሚደርሰው። ጥበቃ በአንዴ ያን ያህል አይጠይቅም፤ ግን የጠባቂ ደሞዝ በየወሩ ነው።

ቅለት፦ ማረፊያ ተሠርቶ ይታያል። ጥበቃ ግን ሲጎድል ነው የሚታወቀው።

አደጋ፦ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው እኛ አገር ብቻ ነው፤ ቁጥሩም ጥቂት መቶ ነው። የእረኛ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ካመጣበት ቤተሰቡ በሙሉ ሊያልቅ ይችላል፣ ስለዚህ ውሾቹን ማስከተብ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም። ማለዳ ውርጩ ሳይለቅ፣ ቀበሮው ጆሮውን ቀስሮ የአይጥ ጉድጓድ ላይ ሲያደባ ያየው ሰው ይህ ይገባዋል። በሌላ በኩል ሽንት ቤት በሌለበት እንግዳው ሣሩ ውስጥ ይገባል፣ ሶፍትና የውኃ ፕላስቲክ ጥሎ ይሄዳል። ለእኔ ሽንት ቤትም ጥበቃ ነው።

ለነዋሪው፦ ጓሳ የሚባለው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይሆናል። አባቶች ቄሮ በሚባለው የአካባቢው ባህላዊ የሣር አጠባበቅ ሥርዓት ቦታውን ለዓመታት እየዘጉ ያቆዩት ለዚህ ነው። ማረፊያው ደግሞ ለወጣቱ ሥራ ይፈጥራል።

እንግዳ በዝቶ ማደሪያ ካጣ፣ ሣሩም በእግር እየተረገጠ ከሆነ ማረፊያውና የእግር መንገዱ ይቅደም። ከብትና ውሻ እየገባ፣ ሣሩ ያለጊዜው እየታጨደ ከሆነ ግን ብሩ ለጠባቂና ለክትባት ይዋል።